ከግድግዳችን የወረደው ጎራዴ ሙዚየም ቢገባ ምን ተብሎ ይጻፍበት?

የከዚራዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ማስተማር ነው። ነገሬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

አባቴ ካረፈ ዓመት አለፈው። ባለፈው ወር ቤቱን ስናስተካክል ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ጎራዴውን አወረድነው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እዚያው ቦታ ነበር። ሁለት ሚስማር፣ አንድ የጠፍር ማሰሪያ። ባለቤቱ ቅድመ አያቴ ነው። ከሸዋ ከምኒልክ ጦር ጋር መጥቶ ሐረር የቀረ፣ በኋላም በራስ መኮንን ሥር ያገለገለ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ ጎራዴው «የጨለንቆው» ነበር የሚባለው፤ ጨለንቆ የምኒልክ ጦር የሐረርን አሚር ያሸነፈበት ቦታ ነው። «የጨለንቆውን አትንኩ»፣ «የጨለንቆው አቧራ ይዟል»። እንደ ሰው ስም ነበረው።

እናቴ ደግሞ የጁገል፣ በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ ልጅ ናት። የእሷ እናት፣ ማለትም አያቴ፣ ዛሬም በሕይወት አለች። የአያቴ አያት ጨለንቆ ላይ ከአሚሩ ጦር ጋር ሆኖ የወደቀ ሰው ነው። የአያቴ አባት ያኔ ገና በማህፀን ነበር። አባቱን ሳያይ ነው ያደገው።

አሁን ነገሩ ገብቷችኋል መሰለኝ።

አባቴና እናቴ ሲጋቡ በሁለቱም ቤት ምን እንደተባለ ዛሬ አልገባበትም። አንድ ነገር ግን ከዓይኔ አይጠፋም። አያቴ ከሐረር ልትጠይቀን ስትመጣ አባቴ ወንበር ስቦ ይወጣና ጎራዴው ላይ ነጭ ነጠላ ይጥልበታል። ያ ነጠላ ለዚህ ብቻ የተቀመጠ ነበር። ማንም አይለብሰውም። አያቴ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ ቁጢዋን፣ የቡና ቅጠል ሻይዋን፣ ትጠጣለች፤ ስለ ሰፈር ሰው ትጠይቃለች። ከነጠላው ሥር ምን እንዳለ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ስትሄድ አባቴ ነጠላውን ያወርዳል፣ በአራት ያጥፋል፣ መሳቢያ ውስጥ ይመልሰዋል። ይህ ነገር አርባ ዓመት ያህል ቀጥሏል። ስለ እሱ አንድም ቀን ሲወራ አልሰማሁም።

ጎራዴውን ላሳያችሁ። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ብለካው አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል። ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። እጀታው ጥቁር ቀንድ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ተልጎ እንደ መስታወት ያበራል። አፎቱ ቀይ ቆዳ ነው፤ በላዩ ላይ ደቃቅ መስመርና ነጠብጣብ ታትሞበታል። ስለቱ ላይ የአንበሳ ምስልና ጽሑፍ ነበር። «ነበር» የምለው አጎቴ አንድ የመስቀል በዓል ዋዜማ በሎሚና በአመድ ሲያሸው ግማሹን ፊደል ስላጠፋው ነው። ከልቡ ሊያሳምረው ብሎ ነው።

ጥያቄው ያደረብኝ ግን ቤት ውስጥ አይደለም። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍሎችን ይዘን በደንገጎ በኩል ሐረር ወጣን። ከከተማዋ ሙዚየሞች አንዱ ውስጥ የጦር መሣሪያ ክፍል አለ። ጋሻ፣ ጦር፣ ጎራዴ፣ አሮጌ ጠመንጃ። አንዱ ተማሪዬ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ «ቲቸር፣ ይሄ ሰው ገድሏል?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ከጎኑ የቆመችው ልጅ «ማንን?» አለች።

ሥሩ ያለውን ጽሑፍ አየሁ። ጎራዴ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ይላል። በቃ። ዝም አልኩ። የአባቴን ነጠላ አስታወስኩ።

አሁን አጎቴ ይሸጥ ይላል፤ የድሮ ዕቃ ለቱሪስት የሚሸጥ ሰው ዋጋ ጠርቶለታል። ወንድሜ ወደ ግድግዳው ይመለስ ይላል። እናቴ ምንም አትልም። እኔ ሙዚየም ቢገባ ደስ ይለኛል። ግን ምን ተብሎ ይጻፍበት? «የጀግናው ጎራዴ» ቢባል አያቴን አስከፍቼ ነው። «የወራሪው ጎራዴ» ቢባል አባቴን ከመቃብር አንስቼ መውቀስ ነው። «ብረት፣ ቀንድ፣ ቆዳ» ብቻ ቢባል ደግሞ ያቺ ልጅ «ማንን?» ብላ እንደጠየቀች ትቀራለች።

የምታውቁ፣ ዕቃ ለሙዚየም የሰጣችሁ፣ ወይም እንዲህ ዓይነት ነገር ቤታችሁ ያለ ንገሩኝ።


ፈረስ መጋላ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ጁገል ተወልጄ ጁገል ያረጀሁ ሰው ነኝ። የአባትሽን ነጠላ ሳነብ ልቤ ተነካ። አላህ ይዘንለት።

መጀመሪያ ቀኑን ልንገርሽ። ጨለንቆ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. ነው። ለክርስቲያኑ የገና ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ግብፆች ከተማችንን ከ1868 እስከ 1877 ይዘዋት ነበር። እነሱ ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ነገሠ። ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልተቀመጠ። ግብፆች ትተውት የሄዱት ጥቂት መድፍና ጠመንጃ ነበረው። ከሸዋ የመጣው ጦር ግን በብዛትም በመሣሪያም ይበልጥ ነበር። ውጊያው ብዙ አልፈጀም። አሚሩ አመለጠ። ከተማዋ እጅ ሰጠች፤ ራስ መኮንን ገዥ ሆነው ተሾሙ።

እኛ ቤት ይህ ታሪክ በወረቀት አልተጻፈም፤ በወለል ነው የተጻፈው። የድሮ የሐረሪ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ፤ እናትሽ እዚያ ነው ያደገችው። ነደባው፣ ማለትም መቀመጫ መደቡ፣ እና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል። ለምን ቀይ ሆነ ስንል እናቶቻችን «የጨለንቆ ደም ነው፣ እንዳይረሳ» ይሉን ነበር። ልማዱ ከዚያ በፊትም ይኑር አይኑር አልከራከርም። ሲነገረን ያደግነው ይህ ነው። ስለዚህ አያትሽ አንቺ ቤት ስትመጣ ከቀይ ወለል ተነስታ ነጭ ነጠላ ፊት እየተቀመጠች ነበር። ይህን አስቢው።

ሌላም ልንገርሽ። የድሮ ሰዎች ሲያወሩ፣ ከገጠር ለገበያ የሚመጣ ሰው ጦሩን በሩ ላይ ለዘበኛ አስረክቦ ነበር ጁገል የሚገባው። አምስት በር ነበረን፤ አምስቱም ላይ እንዲሁ ነው። ሲወጣ ይመለስለታል። ጦሩ ይጠፋብኛል ብሎ የሚሰጋ የለም፤ ውስጥ ግን አይገባም። ከብረት ጋር ገበያ የለም።

እኔ ሙዚየምን የማየው እንደዚያ በር ነው። ዕቃው ተረክቦ ተቀምጧል። አይጣልም፣ አይካድም፣ ግን ማንም ይዞት አይዞርም። ስለዚህ ስጪው። ስትሰጪ ግን የሁለቱንም ወገን ስም አስጽፊ። ያንዱን ብቻ ካስጻፍሽ በሩን ለአንዱ ብቻ ከፍተሽ ለሌላው መዝጋት ነው።

ከዚያ በፊት አያትሽን ጠይቂ። የእሷ ቃል ከሁላችን ይቀድማል። ስትጠይቂያት ደግሞ በስልክ አይደለም። ሂጂ።


ብረትና ቆዳ

ሰላም እህቴ። አሮጌ ዕቃ ማደስና መጠገን ሥራዬ ነው። የእንጨትም፣ የብረትም፣ የቆዳም። ታሪኩን ለአባባ ትቼ ስለ ዕቃው ልናገር፤ እሱም አስቸኳይ ነው።

አንደኛ፣ አቦ ሎሚና አመድ ይቅር! አጎትሽን አልወቅስም፤ በየቤቱ የሚደረግ ነው። ግን ሎሚ አሲድ ነው፣ አመድ ደግሞ ይፍቃል። ሁለቱ ተባብረው መቶ ዓመት የቆየ ጽሑፍ በአንድ ከሰዓት ያጠፋሉ። በደረቅ ጥጥ ጥረጊው። ከዚያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጣም ትንሽ ቀቢው፤ ሐረር ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሆነው መኪና ግርግር ከየትኛውም ልብስ ሰፊ ታገኛለሽ። በባዶ እጅሽ ስለቱን አትያዢ። የእጅ ላብ ጨው አለው፤ ከወር በኋላ የጣትሽን አሻራ በዝገት ታትሞ ታዪዋለሽ።

ሁለተኛ፣ ዛሬውኑ ከአፎቱ አውጪው። ሰው ሁሉ አፎት ጎራዴን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ለተጓዥ ልክ ነው። ለሚቀመጥ ግን ቆዳው እርጥበት ይይዛል፤ ቆዳ የተፋቀበት ነገርም ብረት ይበላል። ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። እጀታው እንዳልሽው ከሆነ የአውራሪስ ቀንድ ሳይሆን አይቀርም። ቀንድን ብል ይበላዋል፤ ደቃቅ ቀዳዳ ካየሽበት ንገሪኝ። የአውራሪስ ቀንድ ንግድ ደግሞ በዓለም ደረጃ የተከለከለ ነው። ለአጎትሽ ይህን ንገሪው። ያ ነጋዴም ቢሆን ያለ ፈቃድ ከአገር ቢያስወጣው ወንጀል ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግል እጅ መቆየት ይችላል፤ ግን መመዝገብ አለበት።

ሦስተኛ፣ ሙዚየም ስትሰጪ በቃል አትስጪ። በስጦታ ነው ወይስ በውሰት? ይጻፍ። ከሁሉም ጎን ፎቶ አንሺው፣ ለኪው፣ ለእኔ የነገርሽኝን ታሪክ ጽፈሽ ፈርመሽ አብረሽ ስጪ። ያቺ ልጅ «ማንን?» ስትል መልስ ያጣችው ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዕቃው ሲመጣ ታሪኩ አብሮት አይመጣም። ሰጪው «ያው የአያቴ ነው» ብሎ ይሄዳል። እዚያ መዝገብ ላይ የሚቀረው ብረት ብቻ ነው።

ሐረር ውስጥ ምሳሌ የሚሆኑ ሰው አሉ፤ አብዱላሂ ሸሪፍ። መጽሐፉን፣ ሳንቲሙን፣ ጎራዴውን፣ ልብሱን ከየሰው ቤት እየሰበሰቡ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የገዛ ቤታቸውን ሙዚየም አድርገው ከፈቱ። አሁን ስብስቡ ያለው ተፈሪ መኮንን በሙሽርነታቸው ኖረውበታል በሚባለው ትልቅ ቤት ውስጥ ነው። ሂጂና እይ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ቦታ አሻንጉሊት አልብሰው ጎራዴውን በግራ ያስታጥቁታል። ፈረንጅ ነው በግራ የሚታጠቀው። የእኛ ሰው በቀኝ ነው። ወንድምሽም ጎራዴውን ታጥቆ ፎቶ መነሳት ቢያምረው በቀኙ ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን አንድን ሰው ኮቱን ገልብጦ እንደማልበስ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄዬ። ስለቱ ላይ የቀረው ፊደል ምን ይላል? ከእጀታው አጠገብ፣ ከአንበሳው በታች ወይም በጀርባው በኩል ትንሽ ምልክት አለ? በጎን በኩል መብራት አብርተሽ እዪው። ፊት ለፊት ካበራሽ ምንም አይታይም።


የሳቢያኑ

እኔ አልስማማም፤ በክብር ነው የምለው።

ሐረር የምን ከተማ ናት? የንግድ ከተማ ናት። የራሷን ሳንቲም ያወጣች፣ ቁርዓን በእጅ የሚገለበጥባትና የሚጠረዝባት፣ ሴቶቿ ግድግዳ ሙሉ ስፌት የሚሰፉባት ከተማ። ልጆች ወደ ሙዚየም ስንወስድ ግን የት ነው የሚሮጡት? ጎራዴውና ጠመንጃው ጋ። አይቻለሁ። የእኔም ታናሽ ወንድም እንደዚያ ነው። ከሁለት ሰዓት ጉብኝት በኋላ ያስታወሰው ጠመንጃውን ብቻ ነበር።

በ2012 ክረምት የራስ መኮንን ሐውልት ሐረር ላይ ሲፈርስ ሁላችንም አይተናል። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ያጨበጭባል። ሁለቱም ጎረቤቶቼ ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ለወራት ሰላምታ የተቋረጠበት ቤት አውቃለሁ። ታዲያ ሌላ ብረት መስታወት ውስጥ አስገብተን ምን ልናተርፍ ነው? ብትጽፉበትም አንዱ ይቆጣል፣ ባትጽፉበትም አንዱ ይቆጣል።

ቤተሰብሽ በነጠላ ያስተዳደረውን ነገር አደባባይ ማውጣት ልክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። አባትሽ ብልህ ሰው ነበር። መሸፈንም መልስ ነው።


የከዚራዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሳቢያኑ፣ የጻፍከው እንቅልፍ ነስቶኛል። የምመልሰው አለኝ፤ ግን መጀመሪያ ጎራዴውን።

ትናንት ማታ በስልኬ መብራት በጎን በኩል አየሁት። እውነትም ይታያል! አንበሳው ዘውድ ደፍቷል፣ መስቀል ያለበት ሰንደቅ ይዟል። ከፊደሉ በደንብ የሚነበበው «…ምኒልክ» እና ቀጥሎ «ንጉሠ ነገ…» የሚለው ነው። የቀረው ሎሚው በልቶታል። በጀርባው፣ እጀታው ሥር፣ በላቲን ፊደል ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ባሏ ጀርመን አገር የኖረ ጎረቤቴ «ሶሊንገን» ነው አለችኝ። ይህ ምን ማለት ነው?


ብረትና ቆዳ

እህቴ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሶሊንገን ጀርመን ውስጥ ያለች የስለት ከተማ ናት። ቢላ፣ መቀስ፣ ጎራዴ በዓለም የታወቀው ከዚያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ከዚያ በኋላም ለእኛ አገር ተብሎ አንበሳና የግዕዝ ፊደል እየተቀረጸበት ብዙ ስለት እዚያ ተሠርቶ መጥቷል። እዚህ ሲደርስ የአገራችን ሰው እጀታና አፎት ያበጅለታል። ስለዚህ ስለቱ የውጭ፣ ቀንዱና ቆዳው የዚህ አገር ነው።

ዋናው ግን «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ቃል ነው። ጨለንቆ በ1879 ሲሆን ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ዮሐንስ ነበሩ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። «ንጉሠ ነገሥት» የሚል ስለት ከዚያ በፊት ለእሳቸው ተሠርቶ ጨለንቆ ሊደርስ አይችልም።

ጎራዴሽ ጨለንቆ አልነበረም።

ቅድመ አያትሽ ነበር ይሆናል፤ እሱን አልክድም። ይህኛው ጎራዴ ግን አልነበረም። አድዋ በ1888 ስለሆነ እዚያ ሊደርስ ይችል ነበር፤ ደረሰ ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። እንዲሁም ለአገልግሎት የተሰጠ የማዕረግ ጎራዴ ሊሆን ይችላል። ከጦር ሜዳ ይልቅ ግብር ላይና ዳኝነት ላይ የዋለ። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው።

መሣሪያ በዚህ በእኛ አካባቢ ሁልጊዜ ከሩቅ የመጣ ነገር ነው። የጠመንጃ ስም ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» ነው። ለበን «ለቤል» ነው። ምንሽር «ማንሊኸር» ነው። ቤልጅግ የአገሩን ስም እንደያዘ ቀረ። መትረየስም ፈረንሳይኛ ነው። ገጣሚው ራምቦ ራሱ ጨለንቆ በሆነበት ወር በረሃ ላይ ነበር፤ ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ ከታጁራ በግመል ጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ ሲጓዝ። ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ ሐረርን ይዘው አገኛቸው። ሒሳቡንም የተቀበለው ሐረር ላይ ከራስ መኮንን እጅ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ያንን የሚያምር የእንጨት ቤት ስናስጎበኝ ግጥሙን እንጂ ግመሎቹን አናነሳም። እኔ ቢሆን ሁለቱንም እናገር ነበር።


ከአገር የራቀ

የሳቢያኑ ላነሳው ነጥብ አንድ ነገር ልጨምር። የምኖረው እንግሊዝ ነው።

በ2016 የካቲት አካባቢ አንድ የኢትዮጵያ ጋሻ ኒውካስል ከተማ ለጨረታ ቀርቦ ነበር። የመቅደላ ነው። ብዙዎቻችን ጮኸን፤ ከጨረታው ተነሳ። በኋላም አገሩ ገባ። የጋሻው ፎቶ ከዓይኔ አልጠፋም። የወሰደው ወታደር ይሁን ሌላ፣ ብረቱ ላይ «መቅደላ» የሚል ስምና ቀን ቀርጾበታል። 13 ኤፕሪል 1868። በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፤ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን የጠጡበት ዕለት ነው።

ያ ጋሻ ላይ የመጀመሪያውን ጽሑፍ የጻፈው ዘራፊው ነው። ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያንን ብቻ ነው ያነበብነው። የያዘው ሰው ስም፣ እናቱ፣ መንደሩ የትም የለም። ስለዚህ ወንድሜ፣ እኛ ካልጻፍን ባዶ አይቀርም። ሌላ ሰው ይጽፍበታል።


የሳቢያኑ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እሺ፤ ይጻፍ። ግን የከዚራዋ፣ ስትጽፊ አያትሽ ፊት ሆነሽ ጻፊ። ቃሉን እሷ ትስማው።


የከዚራዋ

ትናንት ሐረር ወጥቼ መጣሁ። አባባ ፈረስ መጋላ፣ እንዳሉኝ በስልክ አልነገርኳትም።

ደንገጎ ላይ ፍተሻ ስላለ ጎራዴውን አልያዝኩም። ባዶውን አፎት፣ የጎራዴውን ፎቶና ነጠላውን ይዤ ሄድኩ። አያቴ እንደ ልማዷ ነደባው ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደክሟል። ፎቶውን አላየችውም ማለት ይቻላል። አፎቱን ግን ሰጠኋት።

ጭኗ ላይ አጋድማ በአውራ ጣቷ ስፌቱን ተከትላ ከአፉ እስከ ጫፉ ሄደች። እንደገና ተመለሰች። አባቷ የመጽሐፍ ቆዳ ይጠርዝ ነበር፤ ልጅ ሆና ክሩን ሰም ትቀባለት ነበር። «ይሄ የእኛ ሰው እጅ ነው» አለች። የታተመውን ነጠብጣብ በጥፍሯ እየነካች «እንዲህ የሚመታው እዚህ ነው» አለችኝ። አባቷ ሠራው አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ስለ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ቃል ነገርኳት። ጎራዴው ጨለንቆ አልነበረም አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ብዙ ዝም አለች። ቁጢዋ እስኪበርድ።

«ታዲያ ያኔ የያዘው ሌላ ነበራ» አለች።

ምን ልበል? ልክ ናት። ሰውየው ነበር። ብረቱ ቢለወጥም ሰውየው እዚያ ነበር። የእሷም አያት እዚያ ነበር።

ነጠላውን ሳወጣ ግን ሳቀች። አሽታ ነው ያወቀችው፤ ናፍታሊን ይሸታል። «አባትሽ ወንበሩን ሲጎትት ደጅ ድረስ ይሰማኝ ነበር» አለች። «እስኪወርድ ቆሜ እጠብቀው ነበር። ከዚያ ነው በሩን የማንኳኳው።»

አርባ ዓመት ሙሉ! እሱ ለእሷ ይሸፍናል፤ እሷ ሸፍኖ እስኪጨርስ ደጅ ላይ፣ በዚያ በድሬ ፀሐይ፣ ቆማ ትጠብቃለች። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

የሳቢያኑ፣ መሸፈንም መልስ ነው ያልከው እውነት ነው። ስለዚህ ነጠላውም አብሮ ይገባል። ስለቱና አፎቱ ጎን ለጎን፣ ነጠላው በአራት ታጥፎ አጠገባቸው። አያቴ ፈቅዳለች። እናቴም ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፤ «ነጠላው ሳይታጠብ ይሂድ» አለች። አጎቴም ስለ ቀንዱ ስነግረው መሸጡን ትቶታል። ወንድሜ ገና አኩርፏል።

ጽሑፉን አያቴ ፊት ሆኜ ጻፍኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። ይኸው፦

«ጎራዴ፣ አፎትና ነጠላ። ስለቱ ጀርመን አገር ሶሊንገን የተሠራ፣ ከ1882 ዓ.ም. በኋላ የመጣ። እጀታው ቀንድ። አፎቱ፣ አንዲት የሐረር እናት በእጃቸው ዳስሰው እንደመሰከሩት፣ የሐረር ቆዳ ሥራ። ባለቤቱ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ነበር፤ በሌላ መሣሪያ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ የልጅ ልጁ ያገባት ሴት ቅድመ አያት ከአሚር አብዱላሂ ጦር ጋር ሆኖ ወደቀ። ነጠላው ድሬዳዋ ከዚራ፣ የሁለቱ ዘሮች በሚኖሩበት ቤት፣ አማት ስትመጣ ጎራዴው የሚሸፈንበት ነው።»

አንድ ቃል ላይ ብቻ አልተስማማንም። እኔ «ወደቀ» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ «ተሰዋ» ይሁን ትላለች። አያቴ ደግሞ «ሸሂድ» ካልተባለ አልሰማሁትም አለች። ለሙዚየሙ ከማስረከቤ በፊት አስር ቀን አለኝ። አባባ ፈረስ መጋላ፣ እርስዎ ምን ይሉኛል?


ፈረስ መጋላ

የአያትሽን ቃል ጻፊ፣ ልጄ። የማይገባው ልጅ ካለ አንቺን ይጠይቃል። አሁን የምትመልሺው አለሽ።